ዓመት አይከሰስም

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ጧት ራዲዮ ስንከፍት የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ትላለች። የወንጌላዊው ስም ይለወጥ እንጂ ዓረፍተ ነገሯ አትለወጥም። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ዶሮው ይቀርባል፣ ሕፃናት የአበባ ሥዕል ይዘው ከበር ላይ ይቆማሉ። ከዚያም ቡናው ላይ ተቀምጠን ያለፈውን ዓመት እንረግመዋለን። «አይ ዓመት! እንኳንም ሄደ። መጪውን የተሻለ ያድርግልን!» እንላለን። አሜን ይባላል። ነገሩም በዚሁ ያበቃል፤ ዓመቱ ተከሰሰ፣ ዓመቱ ተፈረደበት፣ ዓመቱ ተባረረ።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ «አይ ዓመት!» ከምትለው ከዚህች ቃል ጋር ነው። ዓመት ቤት አያቃጥልም። ዓመት ሱቅ አይዘርፍም። ዓመት እስረኛ አይገርፍም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ አለቃ ያለው፣ ብዙ ጊዜም ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው። እኛ ዓመቱን በከሰስን ቁጥር ሰውየው በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይወጣል። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ለሚሻ ጅግጅጋንና አካባቢዋን ያህል አስተማሪ ቦታ አላውቅም።

* * *

እስቲ 2010 ዓ.ም.ን እናስታውሰው።

ዓመቱ የአደይ አበባው ሳይረግፍ ነበር የከፋው። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ከወራት በፊት የተቀጣጠለው ግጭት በመስከረም ገነፈለ። በምሥራቅ ሐረርጌዋ በአወዳይ ከተማ ሶማሌዎች ተገደሉ። ከጅግጅጋና ከሌሎች የሶማሌ ክልል ከተሞች ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ያፈሩትን ሁሉ ጥለው፣ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ የካራማራን አቀበት እያቋረጡ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ወጡ። በሁለቱም ወገን ከቤቱ የተነቀለው ሕዝብ ቁጥር ወደ ሚሊዮን ተጠጋ።

በዓመቱ አጋማሽ ተስፋ መጣ። መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 29፣ ጅግጅጋ ነበሩ። ከሹመታቸው በኋላ ከአዲስ አበባ ውጭ የረገጡት የመጀመሪያው ከተማ ይኸው ነበር። ይቅርታና መደመር የዘመኑ ቃላት ሆኑ። በሰኔ መጨረሻ ሂዩማን ራይትስ ዎች ጅግጅጋ ውስጥ ስላለው «ጄይል ኦጋዴን» ስለተባለው እስር ቤት ያወጣው ዘገባ ግን ሌላ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ስለ ግርፋት፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ መደፈር፣ ያለ ፍርድ ስለሚያልፉ ዓመታት።

ከዚያ ሐምሌ 28 መጣ። ቅዳሜ ነበር። የፌዴራሉ ጦር ጅግጅጋ ገብቶ ቁልፍ ቁልፍ ቦታዎችን ሲይዝ ከተማዪቱ ተናወጠች። «ሄጎ» በሚል ስም የተደራጁ ወጣቶች ተሠማሩ ተባለ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ካህናትና ምእመናን ተገደሉ። ሶማሌ ያልሆነው ነጋዴ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ሱቅ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። እሳቱ ወደ ደገሐቡር፣ ወደ ቀብሪ ደሐርና ወደ ጎዴም ዘለቀ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልሎ ሰነበተ። ጎረቤታቸውን በጓዳቸው ደብቀው ያተረፉ ሶማሌዎችም ነበሩ፤ ይህን ሳያነሣ የሚያልፍ ሰው ታሪኩን ግማሹን ሰርቆታል።

ሐምሌ 30 የክልሉ ፕሬዚዳንት አቶ አብዲ ሙሐመድ ዑመር ከሥልጣን ለቀቁ፤ በነሐሴም ተያዙ። በቦታቸው ከተቺዎቻቸው አንዱ የነበሩት አቶ ሙስጠፌ ሙሐመድ ዑመር ተሾሙ። ከሐምሌ 28 እስከ እንቁጣጣሽ 38 ቀን ብቻ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬና በዛላምበሳ የኤርትራ ድንበር ሲከፈት፣ ወታደርና ሕዝብ ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን ዐየን። አለቀስን፤ ደስም አለን። ያቺ ዓረፍተ ነገርም ተነበበች፤ «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ።» የጅግጅጋው ባለሱቅ ያን ጧት ዐመድ እየጠረገ ከሆነ፣ ይህች ቃል ለእሱ ምን ትለዋለች?

* * *

እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢ ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው፣ ወገኖቻችን ተጎድተዋል» እንደሚል ይታየኛል። ጥሩ። ግን እንዲህ ለሚለው አንባቢ አንድ የማይጥም ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ክፉው ዓመት የጀመረው ሐምሌ 28 ነበርን?

ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች በደገሐቡር አቅራቢያ፣ አቦሌ በተባለ ቦታ፣ የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ አደጋ ጥለው 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ገደሉ። ያ ግፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመቻ ግን ገዳዮቹን ብቻ አልፈለገም፤ መንደሩንም፣ ውኃ ጉድጓዱንም፣ ግመሉንም ነካ። ልዩ ፖሊስ የተባለው ኃይል ተቋቋመ። ወጣቱ፣ ሽማግሌው፣ ወንድሟ ጫካ ገባ የተባለችው እኅት፣ ሁሉም ወደ ጄይል ኦጋዴን ይወረወር ጀመር። የሶማሌው ክፉ ዓመት 12 ወር አልነበረውም፤ ከ10 ዓመት በላይ ነበር።

እኛስ ያን ጊዜ የት ነበርን? ኅዳር 29 ቀን 2006 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የተከበረው ጅግጅጋ ነበር። ከአራቱ ማዕዘን የባህል ልብስ የለበሰ ልዑካን መጣ፤ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ፣ በቀጥታ ሥርጭት ተላለፈ። እስር ቤቱም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። እስረኛው የሙዚቃውን ድምፅ ይሰማ አይሰማ እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን የእሱን ድምፅ አለመስማታችንን ዐውቃለሁ። ጋዜጠኛው አልጠየቀም፤ አርቲስቱ ጥሪ ሲደርሰው ሄደ፤ ሹሙ አጨበጨበ። ሐምሌ 28 እሳቱ የእኛን ስምና የእኛን ሃይማኖት ሲነካ ብቻ «ጅግጅጋ ምን ሆነች?» ብለን ጮኽን። ጅግጅጋስ ቆይታ ነበር።

ይህን የምለው አንዱን ደም በሌላው ለማጣፋት አይደለም። የታረደው ካህን ደም በተገረፈው አርብቶ አደር ደም አይታጠብም። ልል የፈለግሁት ሁለቱም ሰለባዎች አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አስተዳደር ሥር የደረሰባቸው መሆኑን ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ተሰጣቸው፤ «ያለፈው አልፏል፣ ወደፊት እንይ።»

* * *

ስለ ዓመት ካነሣን፣ ከሶማሌው አርብቶ አደር አንድ ነገር ብንማር አይከፋም።

የእኛ ዘመን በአራት ወንጌላውያን ይዞራል። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፤ ደግሞ ማቴዎስ። ያማረ አቆጣጠር ነው፤ ነገር ግን ዘመነ ማርቆስ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሲመለስ ባለፈው ምን እንደተሠራበት አይናገርም። ሶማሌው ግን ክፉ ዓመትን በሥራው ይጠራዋል። በ1904 ዓ.ም. ገደማ የነበረውን የረሃብ ዘመን «ሐራሜ ዑኔ» ይለዋል፤ ሰው ሐራም የሆነውን እስከ መብላት የደረሰበት ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. ገደማ የደረሰው ድርቅ «ደበዴር» ይባላል፤ ረጅም ጅራት ያለው፣ ተጎትቶ የማያልቅ። ልጁ ያልነበረበትን ዓመት በስሙ ያውቀዋል። ስሙን ሲሰማም «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተባለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አያቱም ይነግረዋል። እኛም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ዋዜማ ከብቱን ያለቀበትን፣ ሰውን የፈጀውን ረሃብ «ክፉ ቀን» ብለን አንድ ጊዜ ሰይመናል። ከዚያ በኋላ ግን መሰየሙን የተውን ይመስላል።

እርግጥ ነው፣ ድርቅ ሌላ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሶማሌ ክልልና በቦረና ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ከብቱ በየመንገዱ ዳር ደርቆ ሲቀር፣ ሰማዩን መውቀስ ይቻል ይሆናል። ለሐምሌ 28 ግን ሰማዩ ምን አደረገ? በሐምሌና በነሐሴ ለሲቲና ለፋፈን የሚዘንበው ካራን የተባለው ዝናብ እሳት ያጠፋል እንጂ እሳት አይለኩስም።

* * *

«ታዲያ ምንም አልተደረገም ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። ተደርጓል። ጄይል ኦጋዴን ተዘግቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከነፃ አውጪ ግንባሩ ጋር ጥቅምት 2011 ዓ.ም. አሥመራ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈርሟል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰሜኑ በጦርነት ሲነድ ጅግጅጋ በአንጻሩ ጸጥ ብላ ውላለች። ይህን የማያይ ሰው ፍርደ ገምድል ነው።

ጸጥታ ግን ሒሳብ አይደለም። በሒሳቡ በኩል የሆነውን እንይ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1102 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ትላልቅ ስሞች ተሰየሙበት፤ ዘመኑን ጨርሶ ሲሄድ ጅግጅጋ ላይ ማን ማንን እንደታረቀ የሰማ የለም። በእሱ እግር የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ተተካ። በቀድሞው ፕሬዚዳንትና በሌሎች ላይ የተመሠረተው ክስ በፍርድ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ተጎተተ፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፍትሕ ሚኒስቴር ክሱን አቋርጦ አቶ አብዲ ተፈቱ። በወሩ፣ በሚያዝያ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጸደቀ። በመጋቢት ዋናው መዝገብ ተዘጋ፤ በሚያዝያ መዝገብ ስለመክፈት ሰነድ ጸደቀ! ይህን ያሰናዳው ሰው ተረበኛ ነው ብዬ እንዳልስቅ ጉዳዩ የሚያስቅ አይደለም።

ልብ በሉ፤ ተከሳሹ ጥፋተኛ ናቸው ማለቴ አይደለም። ያን የሚለው ዳኛ ነው። ችግሩ ዳኛው «ናቸው» ወይም «አይደሉም» ሳይል መቅረቱ ነው። የተጎዳው ፍርድ አላገኘም፤ ተከሳሹም ነፃ ነህ የሚል ፍርድ አላገኙም። ያተረፈ ቢኖር ስሙ ጨርሶ ያልተነሣው፣ ክብሪቱን የጫረው፣ አለንጋውን የያዘው ነው። እሱ ዓመቱን እየረገመ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣል።

* * *

ወደ ዋናው ሙግት ልምጣ። «ቁስል አትነካኩ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ጅግጅጋ ላይ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሱቃቸውን እንደገና የከፈቱ ናቸው። ጉዳዩ ቢነሣ ሶማሌና ሐበሻ ዳግመኛ ይፋጃል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸውን አከብራለሁ። ስሌቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ጥፋተኛው በስሙ ሳይጠራ ሲቀር ጥፋቱ አይጠፋም። ባለቤት የሌለው ጥፋት ተንከራትቶ ተንከራትቶ ሕዝብ ላይ ያርፋል። «እገሌ አቃጠለ» ማለት ሲከለከል «ሶማሌ አቃጠለን» ይባላል። «እገሌ የተባለ መርማሪ ገረፈኝ» ማለት ሲከለከል «ሐበሻ ገረፈን» ይባላል። ልጁ በዚህ ያድጋል። ገራፊው ራሱ ሶማሌ እንደነበረ፣ ደባቂውም ራሱ ሶማሌ እንደነበረ፣ ይህ ሁሉ ዝርዝር ይጠፋና ሁለት ትልልቅ ስሞች ብቻ ይቀራሉ፤ እኛና እነሱ። እንግዲህ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያፋጀው የቱ ነው? የሰውየውን ስም መጥራት ነው ወይስ አለመጥራት?

ደግሞስ ይህ «ርሳው፣ ተወው» የሚባለው እርቅ ከየት የመጣ ባህል ነው? የእኛ እንዳይባል፣ በአማራው አገር በደል ሲፈጸም አገሬው በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አድራጊው ሳይታወቅ ወደ ቤት መግባት አልነበረም። ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፣ ገዳይ ይታወቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ደም የሚደርቀው። የሶማሌውም እንዳይባል፣ «ሄር» በተባለው ሕጉ የሟች ደም በልማድ 100 ግመል ተቆጥሮለታል። ለሴት ግማሹ መሆኑ ሌላ ሙግት ይወጣዋል። ዋናው ነገር ገዳዩ ታውቆ ዘመዱ ሁሉ አዋጥቶ መክፈሉ ነው። በሽኒሌና በኤረር፣ በአይሻም ያለው የኢሳ ሶማሌ ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም እንኳን ደስ አለን ተባብለናል። የሚያኮራ ነው። ታዲያ ቅርሱን ለዓለም አስመዝግበን ለራሳችን ሳንጠቀምበት መቅረታችን ምን ይባላል? ሁለቱም ሕዝቦች ከእርቅ በፊት እውነት ያስቀድማሉ። «ዝም ብለህ እለፈው» የሚለው የቢሮ ፈጠራ ነው።

* * *

ሩቅ አገር ሄጄ ምሳሌ አልለቅምም። ከጅግጅጋ በቀብሪ በያህ በኩል ወደ ምሥራቅ ብንነዳ ሐርትሼክን እናገኛለን። በ1980 ዓ.ም. ማብቂያ የዚያድ ባሬ አየር ኃይል ሐርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበሩን አቋርጦ እዚያ ሜዳ ላይ ፈሰሰ፤ ሐርትሼክ በዓለም ካሉት ግዙፍ የስደተኛ ሠፈሮች አንዷ ሆነች። ሠፈሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ተመለሰ። ከቶጎ ውጫሌ ተሻግሮ ሐርጌሳ የሚገባ የጅግጅጋ ነጋዴ ዛሬ በከተማዪቱ እምብርት ምን ያያል? የወደቀ ሚግ አውሮፕላን በመታሰቢያ ሐውልት ላይ ተሰቅሎ ያያል። ከተማቸውን የደበደበውን ዓይነት አውሮፕላን ገበያቸው መካከል አቆሙት። በሥሩ ገንዘብ ይመነዘራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ልጆች ይሮጣሉ። መታሰቢያው ንግዱን አላቆመም። ያስታወሰ ሕዝብ ሠርቶ ይበላል፤ ይነግዳልም።

እኛም ማስታወስ አይከብደንም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ከዚያድ ባሬ ጦር የተላቀቀችበትን የካራማራን ድል በየዓመቱ እናከብራለን፤ ይገባናልም። ተራራውን ለማስታወስ የተጋን ሰዎች ግን ከተራራው ሥር ያለውን ዜጋ ረሳን። መሬቱ የእኛ ነው ብሎ የሞተለት አገር፣ በመሬቱ ላይ ያለው ሰው ሲገረፍ «የክልሉ ጉዳይ ነው» ካለ፣ ካራማራን ለምን ያዝነው?

* * *

ተስፋ የምለው እንግዲህ ይህን ነው። አንደኛ፣ አንድ መዝገብ ይከፈት። በጄይል ኦጋዴን ያለፉትና እዚያው የቀሩት፣ አወዳይ ላይ የወደቁት፣ ከጅግጅጋ የተነቀሉት ኦሮሞዎች፣ ሐምሌ 28 የሞቱት ካህናትና ምእመናን፣ ጎረቤታቸውን የደበቁትም፣ በአንድ መጽሐፍ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፉ። በሦስት መጽሐፍ ከሆነ ሦስት ጦር ይሆናል። ሁለተኛ፣ የጠፋው ይተመን፤ ሁሉንም መክፈል ባይቻል የተከፈለውና ያልተከፈለው ይታወቅ። ሦስተኛ፣ የተጀመረ ክስ ፍርድ ይሰማ፤ ጥፋተኛም ይሁን ነፃ፣ ዳኛው ይናገር። አራተኛውን መንግሥት አይሰጠንም፤ ከእኛ ከከተሜዎቹ ነው የሚጠበቀው። ሶማሌ ሲጎዳ የሶማሌ ጉዳይ፣ አማራ ሲጎዳ የአማራ ጉዳይ፣ ኦሮሞ ሲጎዳ የኦሮሞ ጉዳይ ማለታችንን እንተው። ያ ልማድ ነው ዓመታቱን ያከፋቸው።

ይህ ሁሉ ከባድ ነው ይባላል፤ ከባድ ነው። ነገር ግን ተስፋ ማለት መጪው ዓመት በራሱ ጊዜ ደግ ሆኖ ይመጣል ብሎ በር ላይ መቆም ከሆነ፣ ያንንማ በ2010ም፣ በ2013ም አድርገነዋል። ዓመት ደግም ክፉም አይደለም፤ ባዶ አቁማዳ ነው፤ የምንሞላበትን ይዞ ይሄዳል።

መጪው መስከረም 1 ቀን ጧት ራዲዮው ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ አሜን ማለቱን አልከለክልም፤ እኔም እላለሁ። ብቻ ቡናው ቀርቦ «አይ ዓመት!» ልንል ስንል አንድ ጊዜ ቆም እንበል። ልጆቻችን እየሰሙ፣ «ከመካከላችን ማን ሳይሻገር ቀረ? ማንስ አስቀረው?» ብለን እንጠይቅ።